ጭሱን የሚበላ ሌላ፣ ኪሱን የሚይዝ ሌላ

ስለ ኃይል ቁጠባ በሬዲዮ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከአምፖል ነው። «የማትጠቀሙበትን መብራት አጥፉ» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ እኔም በቤቴ እሠራበታለሁ። ነገር ግን እኔ በተወለድኩበት በደላንታ የአብዛኛው ገበሬ ቤት ኃይል የሚመጣው ከግድግዳ ላይ ማብሪያ ሳይሆን ከበረት ነው። ጠዋት የሚዛቀው እበት ተለውሶ፣ ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ ኩበት ይሆናል። ኩበቱ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ማታም ቤት ያሞቃል። ስለዚህ ለእኛ «ኃይል ቆጥቡ» ማለት በመጀመሪያ «እሳት ቆጥቡ» ማለት ነው። እሳት የቆጠበ ቤት ደግሞ ጭሱም ይቀንስለታል። ታዲያ ጥቅሙ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በየቤቱ ለምን ቶሎ አይገባም? ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

ወገል ጤናን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ልንገር። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋሸና የምትባል መገንጠያ ከተማ አለች። ከዚያ ወደ ሰሜን የታጠፈ ላሊበላ ይገባል፤ ወደ ደቡብ የታጠፈ እኛ ዘንድ ይመጣል። ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው እንግዳ ብዙ ነው። ወደ እኛ የሚታጠፈው ግን ወይ የአገሩ ሰው ነው፣ ወይ ኦፓል ፈላጊ ነጋዴ። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ከፍታውም ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ዛፍ የሚታየው በየቤቱ ጓሮና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ለቤት ማገርና ለገበያ ይፈለጋል እንጂ እንዲሁ አይነድም። ለዚህ ነው ኩበት የሌለው ቤት እሳት የሌለው ቤት የሚሆነው።

ብዙ ሰው ኩበትን እንደ ነፃ ነገር ይቆጥረዋል። ነፃ ግን አይደለም። ለእርሻው ሊውል የሚገባው ናይትሮጅንና አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ ከኩበቱ ጋር አብሮ ይነዳል፤ የሚተርፈው አመድ ነው። ገበሬው በምድጃው ያነደደውን ለመተካት ማዳበሪያ በብር ይገዛል። ሌላም ዋጋ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እጇን እበት ውስጥ የምትከተው ሴት ናት። ያ ጉልበት በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

እኔ በከተማው አስተማሪ ነኝ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ቤታቸው ክብ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ መስኮት የለውም። ልጆች ሳለን ከብት ጠብቀን ስንመለስ እማ እየጋገረች መሆኗን የምናውቀው በሽታው ሳይሆን በሳሏ ነበር። ገና ከአጥሩ ሳንደርስ ይሰማናል። ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። እኛም የእናት ዓይን እንዲህ ነው ብለን ነው ያደግነው።

አባባ ግን ጭሱን አይጠሉትም ነበር። በምክንያት ነው፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። «ጭስ ያልነካው የሣር ክዳን ቶሎ ይበሰብሳል» ይላሉ። ጭሱ ተባይ ያባርራል፤ ለዘር የተሰቀለውን እህል ከነቀዝ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። «መስኮት ክፈቱ ትላላችሁ፤ ውርጩን ማን ሊያስወጣልን ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ማግኘት ይከብዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ መጥታ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለዩ ብላለች። አባባ በአክብሮት ሰምተው፣ ጠላ አስቀድተው ሸኝተዋታል። ጉልቻው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ጭስ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። ማገዶው እርጥብ ሲሆን ወይም በቂ አየር ሳያገኝ ሲቀር ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ ያልነደደው ክፍል በጥቃቅን ብናኝና በመርዛማ ጋዝ መልክ ይወጣል። ከፊሉ ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ከፊሉ ሳንባ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ካንሰርና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በእኛ አገር እናት ስትጋግር ሕፃኑን ከጀርባዋ አታወርደውም። የእናቱን ጭስ ልጁም ይካፈላል።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራው በ1980ዎቹ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ እየተመታ የሚወጣ፣ ተገጣጥሞ ክብ የሚሆን ምድጃ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየአቅጣጫው ያመልጣል፤ ነፋስ ባለበት ሜዳ ደግሞ የበለጠ ይባክናል። ምርጥ ምድጃ እሳቱን በግድግዳው ይዞ ከምጣዱ ሥር ያቆየዋል። ከኋላው የሚወጣው ትርፍ ሙቀትም በላዩ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰል የተሠራችው «ላቀች» ምድጃም ከድሮው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰሉን በሩብ ያህል ትቀንሳለች።

ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ለእማ ምርጥ ምድጃ እናስመጣላት» አልኩ።

«ጉልቻው ምን ሆነ? እናቴም በዚሁ ጋግራ ነው ያሳደገችኝ» አሉ።

«ጭሱ ነዋ! እማ እኮ ሌሊቱን ስታስል ታድራለች።»

«ሳል የወይናደጋም ሰው ያስላል። ለድንጋይ ብር አናወጣም።»

አባባ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስስታምም አይደሉም። ነገሩን ሳስበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። በሬው ያሳለ ቀን ለመድኃኒት ብር የሚወጣው በዚያው ቀን ነው። በሬው ሲደክም የሚቸገሩት እሳቸው ስለሆኑ የበሬው ሳል ይሰማቸዋል። የጋገራው ጭስ ግን እሳቸው እርሻ ላይ ሳሉ ነው ቤቱን የሚሞላው። ማታ ሲገቡ እንጀራው በሰፌድ ቀርቦ ይጠብቃቸዋል። ጭሱን የምትበላው እማ፣ ኪሱን የሚይዙት አባባ ናቸው። ለሚጨስበት ሰው አስቸኳይ የሆነው ነገር ለሚከፍለው ሰው አስቸኳይ አይደለም። ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ በየቤቱ ያልገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ዋጋው አለ፤ እውቀቱም አለ፤ ከሁለቱ በፊት ግን ይህ አለ።

መንገዱን ያገኙት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። እማና ጎረቤቶቿ ዕቁብ አላቸው፤ 12 ናቸው። ዱሮ የዕቁቡ ብር ለበዓል በግና ለልጆች ልብስ ነበር የሚውለው። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ «አንድ ዙር ለምድጃ እናድርገው» ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ ተስማሙ። ዕጣ የወጣላት በተራዋ ምድጃ ትገዛለች፤ የተረፈው የራሷ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ አይደል? የእማ ዕጣ በአራተኛው ወጣ። ምድጃው በከተማው ተደራጅተው ከሚሠሩ ወጣቶች ተገዝቶ፣ ተበታትኖ በሁለት አህያ ተጫነ። አባባ አህዮቹን እየነዱ የመጡት «የሴት ነገር» እያሉ ነው፤ ግን ነዱ።

ቦታው ላይም ስምምነት ተደረገ። ምድጃው ከቤቱ ጎን በተቀለሰች ትንሽ ጎጆ ተቀመጠ። ምርጥ ምድጃ ጭስን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን ክፍት ተተወ። አባባም የፈለጉትን አላጡም። ማታ ማታ በትልቁ ቤት የምትነደው ትንሽ እሳት ቀጠለች፤ ክዳኑም ዘሩም የድርሻቸውን ጭስ ያገኛሉ። ረጅሙ የጋገራ ጭስ ግን ከቤት ወጣ።

ከዚያ የሆነው ነገር ያስቃል። ድሮ አንድ ጋገራ አንድ ጆንያ ኩበት ይጨርስ ነበር። አሁን አንዱ ጆንያ ለሁለት ጋገራ ይበቃል፤ ቁጥሩ የእማ ነው። ሦስት ወር ያህል እንደሄደ አባባ የኩበቱን ክምር አይተው «ይህ ነገር ምነው አላልቅ አለ?» አሉ። በማግስቱ ከበረቱ የተዛቀውን እበት ለጥፍጠፋ ከመስጠት ይልቅ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ መደብ አስወሰዱት። አባባን ያሳመናቸው የእማ ሳል አልነበረም፤ ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ግን እውነቱ እንዲህ ነው። ዛሬ ለጎረቤት ሲያስረዱ ምድጃውን የመረጡት እሳቸው ናቸው። እማ ሰምታ ትስቅና ዝም ትላለች።

ሳሏ አልጠፋም። የብዙ ዓመት ጭስ በአንድ ምድጃ ከሳንባ አይወጣም። ግን ከእማ አጠገብ ቁጭ ብላ ማሰሻ የምታቀብለው የእህቴ ልጅ ዓይኗ ነጭ ነው። ለእኔ የምድጃው ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። በከተማው መብራት ስላለን የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ባለቤቴ የቆጣሪው ካርድ ቶሎ ባለቀ ቁጥር ልጆቹን «መብራት አጥፉ!» እያለ ይቆጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ደብተር ላይ ሒሳብ ሠራን። ምጣዱ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በአንድ ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። 10 ዋት የሚወስደው የኤልኢዲ አምፖል ይህን ያህል ኃይል ለመጨረስ 350 ሰዓት መብራት አለበት። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 70 ቀን ይሆናል። ልጆቹ አባታቸውን ቀና ብለው አዩት። የቤቱ ትልቁ ተመጋቢ ምጣዱ መሆኑን ባለቤቴ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋገራ እኔን ይጠይቀኛል።

እኛ ቤት የሠራልንን እዘረዝራለሁ፤ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል። ሸክላ ምጣድ ከቅዝቃዜ እስኪግል ብዙ ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ በሳምንት ሦስቴ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ በርከት አድርጎ መጋገር ይሻላል። ጎረቤቴና እኔ ቀን ተስማምተን በአንድ ቤት እንጋግራለን፤ የአንዷ ሊጥ ሲያልቅ የሌላዋ በጋለው ምጣድ ይቀጥላል፤ የኃይሉን ወጪም እንካፈላለን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቼ በያዘው ሙቀት እጋግራቸዋለሁ። አክንባሎው ከምጣዱ ጋር በደንብ የማይገጥም ከሆነ ሙቀቱ በዙሪያው ያመልጣልና መለወጡ ያዋጣል። የምንጋግረውም ቀን ነው፤ ምሽት ሁሉም ሰው ስለሚያበስል ኃይሉ ይዳከማል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ፍጆታችን ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ለደጋ ሰው ሌላ ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ባቄላና ሽምብራ በእኛ አገር ቶሎ የማይበስለው። እሳቱን ብናበዛ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ባቄላው አይፈጥንም። መላው ሌላ ነው፦ ማታ በውኃ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ። አቅም ላለው ፕሬዠር ኩከር በጣም ይረዳል። እኔ ደግሞ ጭድ የሞላሁበት ትልቅ ቅርጫት አለኝ። ንፍሮው በደንብ ፈልቶ ግማሽ ያህል ከበሰለ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጬ በአሮጌ ጋቢ እሸፍነዋለሁ። በያዘው ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ከመቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ መልሼ አፈላዋለሁ። የሻይ ውኃም አንዴ ፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ወደ እንጨት እንመለሳለን። ያኔ ደረቅ፣ ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠ እንጨት ከወፍራሙ ግንድ ይሻላል፤ እርጥብ እንጨት እሳቱ መጀመሪያ ውኃውን ሲያተን ስለሚውል ይጨሳል እንጂ አያሞቅም። እሳት ለማያያዝ ፌስታል መጠቀም ግን ከቤቴ የተከለከለ ነው። የፌስታል ጭስ መርዝ ነው፤ ቡናና እንጀራ በሚቀርብበት ቤት መነዳት የለበትም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ከሰልን ነው፤ የማይጨስ ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ፍም ሆኖ ሲቀላ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በደጋ ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ፣ የከሰል ምድጃ አስገብቶ መተኛት ሞትን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ቡናም በከሰል ሲፈላ በሩ ይከፈት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ በፍጥነት ወደ ውጭ ይውጣ።

የቤቱ እሳት እንዲህ ነው፤ የደጁም እሳት አለ። ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» ብለን በየሰፈሩ ቆሻሻ እናቃጥላለን። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ነው። አካባቢን ማጽዳቱ ይቀጥል፤ አባቶቻችን ያጠኑት ግን ሣርና ቅጠል ነበር። ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና አሮጌ ጫማ አለ። ቅጠሉንና የአትክልት ልጣጩን ጉድጓድ ቆፍሮ ማበስበስ ለጓሮ አፈር ይጠቅማል፤ ፕላስቲኩ ተለይቶ ይሰብሰብ። በትምህርት ቤታችን ልጆቹ ይህን እንዲሠሩ እያለማመድን ነው።

በአዲስ አበባ ያሉ ወገኖቻችን ስለ አየር ብክለት ሲያወሩ መኪና ይቀድማቸዋል፤ ልክ ናቸው። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ማገዱ ለከተማው ሳንባ የሚጠቅም ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ኃይል አንድ ቀን በእማ ጎጆ ምጣድ እንዲያግል እመኛለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ዛሬ የሚጋገረው እንጀራ በኩበት ነው። ዛሬ የሚተነፈሰው አየርም የዛሬ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዬ፣ በተለይ ኪሱን የያዝከው አባወራ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። በሚቀጥለው የጋገራ ቀን ከማድ ቤቱ በር ሳይሆን ከምጣዱ አጠገብ ቁጭ በል። ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው አትነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ ምድጃው ዋጋ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገሩ። የእሷን ሐሳብ አስቀድመህ ስማ፤ ጭሱን የምታውቀው እሷ ናት።